ያልተጻፈችው «ቀደም»

ጭብጨባው የተቀረጸው ከዘፈኑ በፊት ነው። ይህን የምለው ለማሳቅ አይደለም፤ እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነኝና። ከአዲስ አበባ የመጡት የቴሌቪዥን ሰዎች መብራታቸው ቶሎ እየጋለ እንደሚቃጠልባቸው ነግረውን፣ አንድም ዘፋኝ መድረክ ላይ ሳይወጣ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ለተዘጋ መጋረጃ አስጨበጨቡን። መጀመሪያ ቁጭ ብለን፤ ቀጥሎ ቆመን፤ ከዚያ ደግሞ እርስ በርስ እየተያየንና ፈገግ እያልን። ካሜራውን የያዘው ቀጭን ሰውዬ «አሁን ደግሞ ልባችሁ እንደተነካ ሆናችሁ!» ሲል፣ ልባችን እንደተነካ ሆንን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ድሬዳዋ ላይ በዚያ ሰዓት ጤነኛ ሰው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል እንጂ አያጨበጭብም። እኔ ግን መዳፌ ቀልቶ፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ፣ ገና ለማላውቀው ነገር አጨበጨብኩ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። በዚያ ዘመን አማርኛ አስተማሪ መሆን ከክፍል ውጭም ሥራ ነበረው፤ የቀበሌው መፈክር የሚጻፈው በእኔ እጅ፣ ከበላይ የሚመጣው ደብዳቤ በስብሰባ ላይ የሚነበበው በእኔ አፍ ነው። ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ኪሱን ዳበስ ዳበስ ያደርግና «መነጽሬን ረስቼ ነው፤ አንተ አንብበው» ይለኛል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። እኔም ይህን እያወቅሁ ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሕዝብ ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ የማነበው ነገር የእኔ የራሴ ይመስለኛል።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው ደጅ ማንኳኳት የጀመረ ሰሞን ነው የውድድሩ ደብዳቤ የመጣው። በሁለት እሑድ ስብሰባዎች መካከል አፈሳ ነበር፤ ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሳይቀር ወጣቶች እየተለቀሙ በጭነት መኪና ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ በዚያ እሑድ አዳራሹ በእናቶች ተሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ኪሱን ዳበሰ። እኔ ተነሣሁ። የቀበሌዎች የኪነት ውድድር እንደሚካሄድ፣ ዳኞች እንደሚመረጡ፣ ዘፈኖቹ ምን ዓይነት መሆን እንዳለባቸው አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኩ፤

«የውድድሩ አንደኛ በግንባር ቀደም የኪነት ቡድን ውስጥ እንዲካተት የሚደረግ ሲሆን፣ ዝግጅቱም በቴሌቪዥን ይተላለፋል።»

አዳራሹ ሞቅ አለ። ቴሌቪዥን! ድሬዳዋ እኮ ያኔ ቴሌቪዥን የምታየው በቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ሣጥኑ በእንጨት ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ከሊቀመንበሩ ቀበቶ ጋር ታስሮ። እዚያ ውስጥ የሚታዩት ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከእኛ ሰፈር ሰው እዚያ ውስጥ ይገባል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እናቶቹ ግን የሰሙት ሌላውን ነው። «ግንባር ቀደም» ማለት ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ግንባር ቀደም ሠራተኛ፣ ግንባር ቀደም ገበሬ፣ ግንባር ቀደም ተማሪ እየተባለ ሲሸለምና ፎቶግራፍ ሲነሣ እናያለን። ግንባር ቀደም የተባለ ሰው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሱፍ ይለብሳል፤ አፈሳ አይነካውም።

ከአዳራሹ ስወጣ አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ጎረቤቴ ናት፤ በእጇ ያደግሁ ያህል ነው፤ እትዬ ነበር የምላት። ወላጆቿ ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች የኖረች፣ በሦስት ቋንቋ የምትቆጣ ሴት ነበረች። ባሏ ኦሮሞ እስላም፣ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ሞቷል። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ታላቁ በመጀመሪያው ዙር ሁርሶ ገባ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ሳምቡሳ በጨርቅ ቋጥራ በሩ ድረስ ትሄድ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ወሰዱት፤ ወሬው ጠፋ። ታናሹ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በአባቱ ቦታ ባቡር ጥገና ገብቶ ብረት ይሞርዳል፤ ሠርግ ባለበት ሁሉ ደግሞ ይዘፍናል።

ማታውኑ ቤቴ መጣች። ቁጭ አልልም አለች።

«አጎቱ ጅቡቲ ሊያሻግረው ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። አጎቱ የአባቱ ወንድም ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ላይ ይሠራል። «በዕቃ ፉርጎ ውስጥ ሊደብቀው። አንድ ወር ያህል ቀርቶታል። አሁን ደግሞ አንተ ያነበብከው ነገር መጣ። ምን ላድርግ መምህር? ጦርነቱ አንዱን በልቶብኛል፤ ይሄንን ከበላብኝ እኔ ምን ቀረኝ?»

«ፉርጎ ውስጥ በሙቀት የሞቱ አሉ፤ ድንበር ላይ የተያዙም አሉ» አልኳት።

«እሱንስ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቅህ ያ ግንባር ቀደም የምትለውን ነው። ከወታደርነት ያስጥላል ወይ?»

«እትዬ፣ ግንባር ቀደም ማለት ከሁሉ የበለጠ፣ የተመረጠ ማለት ነው። የተመረጠን ሰው ወስደው ጉድጓድ ውስጥ አያስገቡትም። እዚያው አዲስ አበባ ቲያትር ቤት ያስቀምጡታል።»

«ወላሂ በል።»

ክርስቲያን ናት፤ ግን ድሬዳዋ ላይ ነገር ሲጠብቅ ሁሉም ወላሂ ያስብላል። «ወላሂ» አልኳት። «ይወዳደር። ፉርጎው ይቅር።»

ይህን ምክር በሕይወቴ ከሰጠሁት ምክር ሁሉ በበለጠ እርግጠኝነት ነው የሰጠሁት። እሷም ትከሻዋ ወረድ ብሎ፣ ፊቷ ፈታ ብሎ ሄደች። እኔም በጣም ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ልጁን ይዛው መጣች። ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ብረት የሚሞርድ እጁን ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ የሚደብቅ ልጅ ነበር። የራሱ ዘፈን ነበረው። ግጥሙ እንዲህ የሚል ነው፤

«ደቻቱ ሞልቶ መንገድ ቢዘጋኝ፣
ከማዶ ሆኖ ዓይንሽ ጠራኝ።»

ክረምት ላይ ደቻቱ ሲሞላ ከተማው ለሁለት ተከፍሎ፣ ያ ማዶ ያለው ማዶ፣ ይህ ማዶ ያለውም ይህ ማዶ ቀርቶ ጎርፉን ማየት የለመደ ሰው ሁሉ ዘፈኑ ገብቶት ይስቅ ነበር። ነገር ግን ውድድሩ የፍቅር ዘፈን አይቀበልም። ያኔ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው፤ ፍቅረኛዋን አውጥቶ አብዮቱን ያስገባል፤ ዜማው እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ዳኛ ሆኜ ተመርጬ ሳለ ግጥም አራሚም ሆንኩ። ብዙ አልደከምኩም። «ዓይንሽ» የሚለውን ሰርዤ «ትግሉ» አልኩበት።

«ከማዶ ሆኖ ትግሉ ጠራኝ» ብሎ አንድ ጊዜ ሞከረውና ሳቀ። «አቦ መምህር! ትግሉ ቅንድብ አለው እንዴ? እንዴት ነው የሚጠቅሰኝ?»

«ዝም ብለህ ዝፈን» አልኩት። «አንድ ቃል ናት። ሌላው ሁሉ የራስህ ነው።»

ውድድሩ የተካሄደው ያ የጭብጨባው ቀን ነው። አምስት ዳኞች ነበርን፤ ሊቀመንበሩ፣ ሁለት ከበላይ የመጡ ካድሬዎች፣ ከሴቶች ማኅበር አንዲት ሴትና እኔ። ሊቀመንበሩ ካሜራ ስላለ መነጽር ተውሶ መጥቶ ነበር፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሲያደርገው ወንበር ያደናቅፈው ነበር። የነጥብ መስጫው ቅጽ ለድምፅ ሃያ፣ ለአለባበስ አሥር፣ ለአቋምና ለንቃት ሰባ ይላል። ድምፅ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ሰማንያ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው፤ ያገኙም ነበሩ። አንዱ ካድሬ «የዚህኛው ንቃት ከጉሮሮው ይበልጣል» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሐርላ አንድ ሽማግሌ አምጥተው ነበር። ዕድሜ ልኩን ፍየል ሲጠብቅ የኖረ፣ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ነው። የካሜራው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየውና «ገበሬ አይመስልም» ብሎ ዶማ አስያዘው። ሽማግሌው በአንድ እጁ ዶማ፣ በሌላው ዋሽንት ይዞ የትኛውን እንደሚነፋ ግራ ገብቶት ቆመ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የሚያሳዝነኝ፣ ሽማግሌው አብሮን መሳቁ ነው።

ከገንደ ቆሬ ደግሞ አንዲት ልጅ መጣች። በኦሮምኛ ጀመረች፤ ወደ ሶማሊኛ ገባች፤ በአማርኛ ጨረሰች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአካል ሰምቼ አላውቅም። መብራት የያዘው ሰው እንኳ መብራቱን መያዙን ረሳ። እውነተኛ ጭብጨባ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን እሱ አልተቀረጸም፤ የጭብጨባው ቀረጻ አስቀድሞ አልቋል። እኔ ለድምፅ ከሃያው አሥራ አንድ ሰጠኋት። የእትዬ ልጅ መትረፍ ነበረበት፤ እሷ ሴት ናት፣ አፈሳ አይነካትም፣ ምን ትሆናለች ብዬ ነው።

የእኛ ልጅ ሦስት ጊዜ ዘፈነ። መጀመሪያ የማይክራፎኑ ጥላ ፊቱ ላይ አርፎ አበላሸው። ቀጥሎ ሳያስበው «ዓይንሽ ጠራኝ» አለና ካድሬዎቹ ከወረቀታቸው ቀና አሉ፤ እሱ ግን ፈገግ ብሎ «ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው» አለ። በሦስተኛው ትግሉ ጠራው። ለድምፅ አሥራ ዘጠኝ፣ ለንቃት ስልሳ ስምንት ሰጠሁት። ካድሬዎቹም ወደዱት፤ መልከ መልካም ነው፤ «የሠራተኛው መደብ ልጅ» ነው። አንደኛ ወጣ። እናቱ ከኋላ ወንበር ላይ ቆማ እልል ስትል የሰማሁት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ አበደ። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ገና ሳይታይ ልጁ «የቴሌቪዥኑ» ተባለ። ከዚራ ሰፈር ያለው ፀጉር አስተካካይ ፎቶግራፉን ከኳስ ተጫዋቾቹ ጎን ሰቀለው። ባለጋሪዎች በእግሩ ሲሄድ ካዩት ፈረሳቸውን አቁመው «ግባ እንጂ!» ይሉት ጀመር። ጫት ይዘው በርጫ ላይ የተቀመጡ ጎልማሶች ምርቃና ሲመጣ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ሲዘፍን ሰምቶት የማያውቀው ሰው የበለጠ ይከራከራል። አላየሁትም የሚል ጠፋ። ሊቀመንበሩ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ይላል፤ የሴቶች ማኅበሯ «እኔ ነኝ» ትላለች። እኔስ? እኔም በውስጤ እኔ ነኝ እል ነበር። ልጁ ራሱ እጁን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ። የባቡር ጥገናውን ተወ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን አሁንም ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል።

ከመሄዱ ከአምስት ቀን በፊት ነው ሊቀመንበሩ የመሸኛ ደብዳቤ እንድጽፍ ያስጠራኝ። «ከበላይ የመጣውን እያየህ በዚያው አነጋገር ጻፈው» ብሎ ያንን የውድድሩን ደብዳቤ ከፋይል አውጥቶ ሰጠኝ። እያየሁ መገልበጥ ጀመርኩ። «የውድድሩ አንደኛ በግንባር የኪነት ቡድን ውስጥ...» እጄ ቆመ።

በግንባር የኪነት ቡድን። «ቀደም» የለችም።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ታይፑ የዘለለው ቦታ እንዳለ ፈለግሁ። ክፍተት የለውም። ግንባር፣ ከዚያ የኪነት። ግንባር፣ ጦሩ ያለበት፣ ሰው የሚሞትበት፤ ታላቅ ወንድሙ ሄዶ የቀረበት። ቡድኑ ለወታደሩ ግንባር ድረስ እየሄደ የሚዘፍን ቡድን ነው። አማርኛ አስተማሪው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ የሚወደው፣ ያልተጻፈ ቃል አነበበ። እንዴት እንዳደረግሁት ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ማንም ቢሆን ያደርገው ነበር እያልኩም ራሴን አጽናንቻለሁ። በመፈክር ላይ፣ በራዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በስብሰባ፣ «ግንባር» ከተባለ «ቀደም» ትከተላለች፤ እኔ ራሴ በዚህ እጄ በቀይ ቀለም ስንት ጨርቅ ላይ ጽፌያታለሁ። ምላሴ ዓይኔን አልጠበቀም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ አፋፉ ላይ የቆመው ግን እኔ አልነበርኩም።

የአጎቱ የጅቡቲ ባቡር የሚሄደው ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነበር። ጊዜ ነበረኝ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ፤ ጊዜ ነበረኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልነግራቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን ጫማ ተከምሯል፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ቴፕ ይዘፍናል፤ ልብስ ሰፊው አዲሱን ሱሪ እያስለካው ነው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይላሉ። ሁሉም ይልስ ነበር። እትዬ ስታየኝ ተነሥታ በሁለት እጇ ጉንጬን ያዘችኝ።

«ይኸው!» አለች ለሰዉ። «ልጄን ያተረፈልኝ ይኸው! እኔ ፉርጎ ውስጥ ልከተው ነበር!»

አስቀመጡኝ። ትኩስ ሳምቡሳ እጄ ላይ አደረገች። አጎቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ሽበቱ የበዛ፣ ዝምተኛ ሰው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ዋርያ መምህር» አለኝ፤ «እኔ ነገሩን አልዘጋሁትም። ሰዎቼ እየጠበቁኝ ነው። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ ጅቡቲ ሄዶ ተሸካሚ ከሚሆን ይሄ ይሻላል፣ አይደል? አንተ ፊደል ታውቃለህ። እርግጠኛ ከሆንክ ልተወው።»

ወረቀቱ በኪሴ ውስጥ ነበር። ልጁ በአዲሱ ሱሪ ቆሞ፣ ከመስተዋቱ ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል። እውነቱን ብናገር ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ እኔ እንደሚያዞር ታየኝ። «የጅቡቲው ነገር በእሱ ምክር ነው» ቢባልስ ብዬም ፈራሁ፤ በዚያን ጊዜ ለዚያ ነገር ሰው ታስሮ ይቀራል። ደግሞም ለራሴ ተከራከርኩ፤ ዘፋኝ አይተኩስም፣ ዘፋኝ ከኋላ ነው የሚሆነው፣ ዘፍኖ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ፍርሃቴ ነው። ይበልጥ የፈራሁት ግን ሌላ ነው፤ እሷ ጉንጬን የያዘችበትን እጅ እንዳታነሣ ነው የፈራሁት።

«ይሻላል» አልኩት አጎቱን። ሳምቡሳውን በላሁ።

የሄደ ቀን ለገሃር ሰው ሞልቶ ነበር። የአዲስ አበባው ባቡር ነው። እናቱ አላለቀሰችም፤ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ምን ይለቀሳል? ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ልጁ በመስኮት ብቅ አለና እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«መምህር! ትግሉ ጠራኝ!» ብሎ ጮኸ፤ እየሳቀ ነው። ሰዉም ሳቀ። እኔ እጄን አነሣሁለት።

ዝግጅቱ የተላለፈው ከወር በላይ ቆይቶ ነው። አዳራሹ እንደ ጥምቀት ቀን ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ ቁም ሣጥኑን ሲከፍት ልጆች ጮኹ። መጀመሪያ ንግግር ነበር፤ ረጅም ነው። ከዚያ የሐርላው ሽማግሌ ዶማ ይዞ ለቅጽበት ታየ። የገንደ ቆሬዋ ልጅ ፈጽማ አልታየችም። የእኛ ልጅ ወጣ። ግማሽ ፊቱን ማይክራፎኑ ሸፍኖታል፤ ሁለት ስንኝ እንደዘፈነ ቆረጡት። «ትግሉ ጠራኝ» ያለውን ግን አልቆረጡትም። ወዲያው ጭብጨባው መጣ። ከዘፈኑ ይረዝማል። ያ ለመጋረጃው ያጨበጨብነው፣ ቆመን፣ ፈገግ ብለን፣ ልባችን ተነክቶ። ካሜራው በሰዉ ላይ ሲሄድ ሲሄድ አንድ ሰው ላይ ቆመ። እኔ ነኝ።

እትዬ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። በክርኗ ጎሸመችኝ።

«አንተ ነህ! እየው፣ እየው! እንዴት አድርገህ አጨብጭበህለታል! እግዜር ይስጥህ፤ የወለደው እንኳ እንዲህ አያጨበጭብለትም።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ በዚያ የቴሌቪዥን መስኮት የማየውን ሰው ጠላሁት፤ እስከ ዛሬም እጠላዋለሁ።

አንድ ደብዳቤ ከእሱ መጣ። ደህና ነኝ፣ በመኪና እየዞርን ለወታደሮች እንዘፍናለን፣ እዚህ ብርድ አለ፣ ይላል። የት እንደሆነ አይልም። እናቱ «አዲስ አበባ ብርድ ናት ይላሉ» አለች። ከዚያ ሌላ አልመጣም። በየሳምንቱ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ትመጣና «ዛሬ ይወጣ ይሆን?» ትለኛለች። «ይወጣ ይሆናል» እላታለሁ።

መርዶው ሊነገር የተወሰነ ዕለት ማለዳ ሊቀመንበሩ በሬን አንኳኳ። ቡድኑ የተሳፈረበት መኪና ፈንጂ ላይ ወጥቷል። አንድ ቄስ ከእናቱ ወገን፣ አንድ ሼህ ከአባቱ ወገን፣ አጎቱና ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ድሬዳዋ ገና ሳትግል፣ ጎህ ሲቀድ ሄድን። እትዬ በሩን ስትከፍት ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ስታይ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የፈሩት ይደርሳል። መርዶ ነጋሪ አይቶ የማያውቅ ማን አለ?

«ትልቁ ነው?» አለች።

ሊቀመንበሩ ወረቀት አወጣ። ኪሱን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«መነጽሬን ረስቼ...» አለና ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋ።

አጎቱ አየኝ። እሱ ገብቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በኋላ ሰላም ቢለኝም ዓይኑን አያሳርፍብኝም ነበር። ወረቀቱን ተቀበልኩ። በዚያን ቀን ከእያንዳንዱ ፊደል ላይ ዓይኔን ሳላነሣ፣ የተጻፈውን ብቻ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩ።

«በግንባር የኪነት ቡድን ውስጥ ባልደረባ የነበሩት ጓድ በተሰጣቸው ግዳጅ ላይ እያሉ ለእናት አገራቸው መሥዋዕት ሆነዋል።»

ጩኸቷን ጠበቅን። አልጮኸችም። ግንባሯን ቋጥራ፣ ማንበብ ያቃተውን ተማሪ እንደሚያይ ሰው ስታየኝ ቆየች።

«አንድ ቃል ዘለልክ መምህር» አለችኝ። «ግንባር ቀደም ነው እኮ የሚለው። አንተ ነህ ያነበብክልኝ። አስተካክለህ አንብበው፤ የልጄ ነገር በትክክል ይነበብ።»

ወረቀቱን አየሁት። አጎቱ መሬት መሬት ያያል።

«አዎ እትዬ፣ ዘለልኩ» አልኳት። ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ «ቀደም»ን ጨምሬ አነበብኩላት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ እንዲያ ነው እንደማለት ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ወደ ጓዳ ገባች።